በጎጃም ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የሚሰጥ የመንግሥት ሥልጠናና የቴክኒክ ድጋፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉ ከተሞች ሥራ የጀመሩና ሊጀምሩ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድረናቸዋል።

የእኔ ሥራ «ጥቃቅንና አነስተኛ» ውስጥ ይገባል?

ሁለት ነገር ይታያል፦ የሠራተኛው ቁጥርና ሕንፃ ሳይጨመር ያለው ጠቅላላ ሀብት። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አገር አቀፍ ስትራቴጂ ባለቤቱንና የሚያግዙትን የቤተሰብ አባላት ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚሠራበት ጥቃቅን ይባላል፤ ከ6 እስከ 30 ሰው ያለው አነስተኛ ነው። በሀብት ደግሞ ጥቃቅኑ በኢንዱስትሪ እስከ 100,000፣ በአገልግሎት እስከ 50,000 ብር፤ አነስተኛው በኢንዱስትሪ እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ በአገልግሎት እስከ 500,000 ብር ነበር የተቀመጠለት። የገንዘቡ ጣሪያ በመመሪያ የሚሻሻል ስለሆነ ስትመዘገቡ የወቅቱን ጠይቁ።

ሠራተኛው አንድ ደረጃ፣ ሀብቱ ሌላ ደረጃ ላይ ካስቀመጣችሁ የሚያመዝነው ሀብቱ ነው። ለ3 ሆናችሁ ውድ ማሽን የምታንቀሳቅሱ ከሆነ «አነስተኛ» ልትባሉ ትችላላችሁ። ይህን ፈርቶ ንብረቱን አሳንሶ የሚያስመዘግብ አለ፤ ስሕተት ነው። ነገ ብድር ሲጠይቅ ወይም ማሽኑ ጉዳት ሲደርስበት ያ ንብረት በወረቀት ላይ የለም።

መጀመሪያ የት ልሂድ? ቀበሌ፣ ከተማ አስተዳደር ወይስ ኮሌጅ?

መነሻው በቀበሌ ወይም በከተማ ደረጃ ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ነው። ምዝገባ፣ አደረጃጀት፣ የሥልጠና ምልመላ፣ የመሥሪያ ቦታ ጥያቄና የብድር ድጋፍ ደብዳቤ የሚያልፉት በዚያ ነው። ከላይ ያለው መሥመር በወረዳና በከተማ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት፣ በዞን መምሪያ፣ በክልል ደግሞ በባሕር ዳር ያለው ቢሮ ነው። በፌዴራል ደረጃ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1263 ሲቋቋም የሥራ ዕድል ፈጠራውና የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናው በአንድ ጣሪያ ሥር ገብተዋል።

ሥራ ላይ ካላችሁና ችግራችሁ የሙያ ከሆነ (ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ሽመናው ይጠብባል፣ ዳቦው አይነሣም) በቀጥታ በአቅራቢያችሁ ወዳለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መሄድ ይቻላል። ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬና ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኮሌጆች አሏቸው። ስትገቡ «ሥልጠና ፈልጌ ነው» ካላችሁ ወደ መደበኛ ተማሪዎች መዝጋቢ ይልኳችኋል። ሥራ ላይ ያሉ ተቋማትን የሚደግፈውን «የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ክፍል» ብላችሁ ጠይቁ።

ምን ይዤ ልሂድ?

የነዋሪነት መታወቂያ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ካላችሁ የትምህርትና የሙያ ማስረጃ። ሥራ የጀመራችሁ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ፤ በማኅበር ከሆናችሁ የመተዳደሪያ ደንቡንና ባለሙያ ጋ ለመቅረብ የተወሰነበትን ቃለ ጉባኤ። ሁሉንም በ2 ኮፒ አድርጉ። መብራት በጠፋ ቀን ፎቶ ኮፒ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይበላል።

ሥልጠናው ይከፈልበታል?

አይከፈልበትም። ከኪስ የሚወጣው ትራንስፖርት፣ አንዳንዴም ለመለማመጃ የሚውል ጥሬ ዕቃ፣ ለምዘና ከቀረባችሁ ደግሞ የምዘና ክፍያ ነው። «ስም ለማስገባት» ተብሎ ያለ ደረሰኝ የሚጠየቅ ገንዘብ ግን የለም፤ አትክፈሉ፣ አመልክቱ።

ትልቁ ወጪ የባከነው የሥራ ቀን ነው። ማኅበራት አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም ሥልጠና ሰብሳቢውን ይልካሉ፤ ካልሆነም በዚያ ቀን ሥራ የፈታውን። ውጤቱ ይታወቃል፤ የሂሳብ አያያዝ የሠለጠነው ሰው መዝገብ አይዝም፣ መዝገብ የሚይዘው አልሠለጠነም። ለሂሳብ ሂሳብ ያዡን፣ ለቴክኒክ ማሽኑ ላይ የሚቆመውን ላኩ። የተላከው ሰው ሲመለስ በማግስቱ ለሌሎቹ ለአንድ ሰዓት እንዲያሳይ በቃለ ጉባኤ ያዙት።

የሚሰጠው ሥልጠና ምን ምንድን ነው?

ኮሌጆቹ በኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን የሚሰጡት ድጋፍ 4 ማዕቀፍ አለው፦ የሥራ ፈጠራና የንግድ አመራር፣ የቴክኒክ ክህሎት፣ ካይዘን (ብክነትን እየቀነሱ አሠራርን ማሻሻል)፣ ቴክኖሎጂ። ቴክኖሎጂ ሲባል ማሽን መስጠት ማለት አይደለም። የተሻለ መሣሪያ ናሙና ተሠርቶ፣ ተፈትሾ፣ አምራቹ ራሱ እያባዛ እንዲሸጠው ማሸጋገር ማለት ነው። የብረታ ብረት ሥራ ላይ ላሉ ይህ ትልቅ በር ነው፤ የበቆሎ መፈልፈያ ወይም የተሻሻለ ቀፎ ንድፍ ከኮሌጁ የወሰደ ማኅበር አዲስ ምርት አገኘ ማለት ነው።

ከዚህ ውጭ የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት የሚሰጠው የ6 ቀን ሥልጠና አለ። በግል ባሕርይ ላይ ያተኩራል፦ ዕድል መፈለግ፣ ስጋትን አስልቶ መግባት፣ ቃልን መጠበቅ፣ መረጃ ማሰባሰብና የመሳሰሉት 10 ባሕርያት። ከጠዋት እስከ ማታ ስለሆነ ሱቅ ዘግቶ ለመቆየት ያልተዘጋጀ ሰው ባይጀምረው ይሻላል፤ በመሀል የቀረ ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

አሠልጣኙ ወደ መሥሪያ ቦታዬ ይመጣል?

ይመጣል፤ የድጋፉ ዋና ፍሬም ይህ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አሠልጣኙ መጥቶ በ4ቱም ማዕቀፍ የክፍተት ዳሰሳ ያደርጋል፤ ቅጽ ይሞላል። ቀጥሎ የትኛው ክፍተት በስንት ሰዓት ሥልጠና እንደሚሞላ ዕቅድ ይወጣል፤ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ከዚያ ሥልጠናው ይሰጣል፣ መጨረሻ ላይ ለውጡ ይለካል።

የሚበላሸው በዳሰሳው ላይ ነው። አሠልጣኙ «ችግራችሁ ምንድን ነው?» ሲል ከ10 ተቋም 9ኙ የሚመልሱት «የብድር፣ የቦታና የገበያ ችግር» ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የኮሌጅ አሠልጣኝ ለ3ቱም መልስ የለውም፤ ቅጹ ላይ አጠቃላይ ነገር ጽፎ ይሄዳል። ከመምጣቱ በፊት ለ2 ሳምንት ብቻ መዝግቡ፦ በቀን ስንት ተመረተ፣ ስንቱ ተበላሸ፣ ማሽኑ ስንት ሰዓት ቆመ፣ ለምን ቆመ። «ከ40 ጥንድ ጫማ 6ቱ ሶሉ ይላቀቃል» ብላችሁ ስትነግሩት ማስቲሹን፣ የማድረቂያ ጊዜውንና የቆዳውን አሞራረድ ይፈትሻል፤ እዚያው መፍትሔ ይገኛል።

የተላቀቀውን ጫማ አትጣሉት፤ አስቀምጣችሁ አሳዩት። የተበላሸ ምርት ለአሠልጣኙ ምርጡ ማስረጃ ነው። ዕቅዱ ላይ ስትፈርሙም የክትትል ቀኖቹ በቀን መቁጠሪያ ተጽፈው መሆኑን እዩና አንድ ቅጂ አስቀሩ። ቀኑ ካለፈ ደውሉ፤ አንድ አሠልጣኝ ብዙ ተቋም ስለሚይዝ የሚያስታውሰው የሚጠይቀውን ነው።

ካይዘን ዕቃ መደርደርና ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው?

በብዙ ቦታ እዚያ ላይ ስለሚቆም እንዲያ ይመስላል። 5ቱ «ማ»ዎች (ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ) መግቢያው ናቸው። ዓላማው ብክነትን ማግኘት ነው።

አንድ የብረት በር ሠሪ እንውሰድ። ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) የሚሸጠው በ6 ሜትር ነው። 2.10 በ0.90 ሜትር የሆነ የበር ፍሬም 2 ቋሚና 2 አግዳሚ ይፈልጋል፤ 4.20 እና 1.80 ሲደመር ልክ 6 ሜትር። በወረቀት ላይ አንድ ቱቦላሬ ይበቃል። ነገር ግን የመቁረጫው ዲስክ በእያንዳንዱ ቁርጥ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይበላል፤ ከ3 ቁርጥ በኋላ የመጨረሻው አግዳሚ በ1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያጥራል። ሠራተኛው ያንን ወደ ጥግ ጥሎ ከአዲስ ቱቦላሬ ይቆርጣል። ጥጉ ላይ የተከመሩትን የ89 ሳንቲ ሜትር ቁራጮች ቁጠሩ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ቱቦላሬ ያስከፈተ ነው። አግዳሚዎቹን በቋሚዎቹ መካከል ማስገባት ብቻ ይፈታዋል፦ በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ አግዳሚው 82 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ከ6 ሜትሩ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል፤ እሱም ለማጠፊያና ለመቆለፊያ ድጋፍ ይውላል። የቁርጥ ልኩን በኖራ ግድግዳ ላይ መጻፍ «ማላመድ» የሚባለው ነው፤ አዲስ ልጅ ቢቀጠርም ልኩ አይጠፋም።

ዋጋዬን እንዴት ልተምን? እየሸጥኩ ገንዘብ የለኝም።

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ከሽያጩ ሳይሆን ከስሌቱ ይገኛል። በርበሬ ለሚያዘጋጅ የባልትና ማኅበር እናስላው። ዋጋዎቹ ለማስረዳት ብቻ ናቸው፤ የሰሞኑን ገበያ አስገቡበት። 100 ኪሎ ዛላ በ400 ብር ተገዛ፤ 40,000 ብር። ተቀንጥሶ፣ ደርቆ፣ የተበላሸው ወጥቶ 85 ኪሎ ቀረ። አሁን የአንዱ ኪሎ ዋጋ 471 ብር ሆኗል፤ ማኅበሩ ግን አሁንም «በ400 ነው የገዛሁት» ይላል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ቀጥሉ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና ሌላው ቅመም 6,000፤ ወፍጮ 1,500፤ ማሸጊያ 2,000፤ ጉልበት 3 ሰው ለ4 ቀን በቀን 300 ብር 3,600፤ ኪራይ፣ መብራትና ትራንስፖርት 1,900። ድምሩ 55,000 ብር። ቅመሙ ጨምሮበት፣ ወፍጮ ላይ የሚቀረው ተቀንሶ የወጣው ዱቄት 92 ኪሎ ቢሆን አንዱ ኪሎ ያስወጣው 598 ብር ነው። «400 ገዝቼ 550 ሸጥኩ፣ 150 አተረፍኩ» ያለ ማኅበር ከ92 ኪሎ ያገኘው 50,600 ብር ነው፤ 4,400 ከስሯል። የራሱን ጉልበት ባይቆጥረው እንኳ ካወጣው ጥሬ ገንዘብ 800 ብር ጎድሏል።

ዛላውን ስትገዙ እጃችሁን ወደ ጆንያው መሀል አስገቡ። ክብደት እንዲጨምር ውኃ የተረጨበት በርበሬ ከላይ ደረቅ፣ ከውስጥ ለስላሳ ነው፤ ስትነቀንቁት ፍሬው አይንኮሻኮሽም። ኪሎ ብቻ ሳይሆን ሻጋታም ያመጣል፤ በሻጋታው የሚፈጠረው አፍላቶክሲን ደግሞ በማመስም ሆነ በመፍጨት አይለቅም። በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አድርቁ።

ማር አቀርባለሁ፤ ሱቆች «ይፈላል» ብለው መለሱብኝ። ማን ይረዳኛል?

የሚፈላ ማር ውኃው የበዛ ማር ነው። የእርጥበት መጠኑ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ይቆያል፤ ከዚያ ሲያልፍ እርሾው ይነሣል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ንቦቹ በሰም ሳይከድኑት መቁረጥ፣ ወይም በዝናብ ቀን ቆርጦ ክፍት ዕቃ ውስጥ ማሳደር ነው፤ ማር ከአየር እርጥበት ይስባል። ሦስት አራተኛ ያህሉ የተከደነ የማር እንጀራ ብቻ ቁረጡ፣ በዚያው ቀን አጣሩ፣ ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ ሙሉ አድርጋችሁ ዝጉ። ለአመራረቱ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የንብ ባለሙያ አለው፤ እርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያለው ማን እንደሆነም እሱን ጠይቁት።

የሙያ ብቃት ምዘና የግድ ነው?

ሙያውን ለ15 ዓመት በልምድ ለሠራ ሰው ወረቀቱ ምን ያደርግለታል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ለግል ደንበኛ ምንም አይጨምርም። ለጨረታ፣ ለቅጥር፣ አንዳንድ ፈቃዶችን ለማውጣት ግን ይጠየቃል። በልምድ የተማረ ሰውም መመዘን ይችላል፤ መደበኛ ትምህርት ቤት መግባት አይጠበቅበትም።

ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ነው፤ ሁለቱንም ማለፍ ያስፈልጋል። ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚወድቁት በአብዛኛው በጽሑፉ ነው፤ እጃቸው የሚያውቀውን መሣሪያ በእንግሊዝኛ ስሙ አያውቁትም። ከምዘናው በፊት የሙያ ደረጃውን ሰነድ ከኮሌጁ ወስዳችሁ የመሣሪያና የደኅንነት ቃላቱን አጥኑ። በተግባሩ ደግሞ ጓንትና መነጽር ሳያደርግ ሥራ የሚጀምር ሰው ነጥብ ያጣል፤ ሥራው ቢያምርም።

ሥልጠናውን ከጨረስኩ ብድር አገኛለሁ?

ሥልጠናው ቅድመ ሁኔታ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። የተለመደው አሠራር 20/80 ነው፦ ለ100,000 ብር ሥራ 20,000ውን ቀድማችሁ ትቆጥባላችሁ፣ 80,000ው ይፈቀዳል። በክልሉ ዋናው አበዳሪ ቀድሞ አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) የነበረው የዛሬው ጸደይ ባንክ ነው። ቁጠባውን በአንድ ቀን ከዘመድ ተበድሮ ማስገባት ባለሙያውን አያሳምነውም፤ በየሳምንቱ የገባ ትንሽ ገንዘብ ግን ሽያጭ እንዳላችሁ ይመሰክራል።

የንግድ ዕቅዳችሁን ራሳችሁ ጻፉት። ከፎቶ ኮፒ ቤት የተገዛ ዕቅድ የሚታወቀው በመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ «በወር ስንት ኪሎ ብትሸጥ ነው ወጪህን የምትመልሰው?» ሲባል ባለቤቱ ዝም ይላል።

ማሽን በሊዝ ልወስድ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

በካፒታል ዕቃ ኪራይ (በማሽን ሊዝ) 20 በመቶውን እናንተ፣ 80 በመቶውን አከራዩ ድርጅት ይሸፍናል። በክልላችን ይህን የሚሠራው ዋልያ ካፒታል ጉድስ ፋይናንስ ነው። ክፍያው እስኪያልቅ ማሽኑ የአከራዩ ንብረት ስለሆነ እንደ ብድር ቤት ማስያዝ አያስፈልግም፤ በዚያው ልክ ሳይፈቀድ መሸጥም፣ ወደ ሌላ ከተማ መውሰድም አይቻልም።

ብዙ ማሽን የሚቆመው በመብራት ነው። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ሳህን አንብቡ፤ 380 ቮልት ካለ ስሪ ፌዝ መሥመር ይፈልጋል። ሼዱ (የተሰጣችሁ የመሥሪያ ቦታ) ውስጥ ያለው ባለ 220 ቮልት ከሆነ የመሥመር ማሳደጊያ ማመልከቻውን ማሽኑ ከመታዘዙ በፊት ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አስገቡ፤ የትራንስፎርመሩ አቅም መቻሉም ይረጋገጥ። አለዚያ ማሽኑ ታሽጎ ቆሞ ወርኃዊ ክፍያው ይቆጥራል። ከተተከለ በኋላ ሞተሩ ወደ ኋላ ቢዞር ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ኤሌክትሪሺያኑ ከ3ቱ ፌዞች 2ቱን ቢያቀያይር ይስተካከላል። ስትረከቡ የኮሌጁን አሠልጣኝ ይዛችሁ ሂዱና ያለ ጥሬ ዕቃ ሳይሆን በራሳችሁ ጥሬ ዕቃ አስነሥታችሁ ፈትሹ።

መንገድ ሲዘጋ ወይም ሥልጠናው ሲተላለፍ ምን ይደረጋል?

ከነሐሴ 2015 ወዲህ ባለው የጸጥታ ሁኔታ ፕሮግራም መታጠፉ ብዙዎችን አንገላቷል። ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉ። ስማችሁ ለቀጣዩ ዙር መዛወሩን በመዝገብ አረጋግጡ፤ በቃል «ይያዛል» መባል አይበቃም። መሥመሩ ክፍት ባልሆነበት ወቅት ሩቅ ከተማ ያለ ኮሌጅ ከመጠበቅ በወረዳችሁ ያለው ማሠልጠኛ ተቋም አሠልጣኝ እንዲመድብ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ።

አንድ አባል ሊወጣ ነው። ድጋፉና ዕዳው ምን ይሆናል?

መልሱ መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ ካለ ቀላል ነው፤ ከሌለ ከባድ። አባሉ ለመውጣት በጽሑፍ ይጠይቃል፣ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ይወስናል፣ ንብረቱና ዕዳው በዚያ ቀን ይቆጠራል፣ ድርሻው ይሰላል። ባልትናም ሆነ ብየዳ፣ ግምቱ ከገዛችሁበት ሳይሆን ከዛሬው ዋጋ ይነሣ። ጽሕፈት ቤቱ ያደራድራል።

ብድሩ ግን ሌላ ውል ነው። በጋራ ፈርማችሁ ከሆነ አባሉ ከማኅበሩ በመውጣቱ ብቻ ከዕዳው አይወጣም፤ የቀራችሁትም ድርሻውን ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ድርሻውን ከመክፈላችሁ በፊት አበዳሪው ስለ ዕዳው የሚለውን በጽሑፍ አግኙ። የቀረው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና መቀጠል ከፈለገ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ (ዐዋጅ ቁጥር 1243) አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል።

ካደግን ድጋፉ ይቆማል? ሼዱንስ እንለቃለን?

ተቋማት በምሥረታ፣ በታዳጊ እና በመብቃት ደረጃ ይመደባሉ፤ ድጋፉ በየደረጃው ይለያያል እንጂ አይቆምም። ጀማሪው መሠረታዊ ሥልጠና፣ ታዳጊው የጥራትና የገበያ ትስስር፣ የበቃው ወደ መካከለኛ ኢንዱስትሪ ሽግግር ላይ ያተኩራል። የማምረቻ ሥራ ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚከታተላችሁ የኢንዱስትሪና ኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤት ነው። ሼድ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ በተለምዶ 5 ዓመት። ውላችሁ ላይ ያለውን ቀን ዛሬ አንብቡ። የሊዝ መሬት ወይም የግል ኪራይ ለማዘጋጀት፣ መሥመር ለማስገባትና ማሽን ለማዛወር ቢያንስ አንድ ዓመት ያስፈልጋልና ጥያቄውን በ4ኛው ዓመት መጀመሪያ አስገቡ።

ለደረጃ ሽግግር የሚታየው መዝገባችሁ ነው፦ የገቢና ወጪ ሂሳብ፣ የሠራተኛ ቁጥር፣ የንብረት ዝርዝር፣ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ። በየዓመቱ ሐምሌ ውስጥ የንብረት ቆጠራ አድርጋችሁ አባላት ሁሉ የፈረሙበትን አንድ ቅጂ ለአንድ ማዕከሉ አስገቡ፤ የተቀበላችሁን ሰው ስምና ቀን በእናንተ ቅጂ ላይ አስፈርሙ።